መላ አካልን የሚያዳርስ ሥር የሰደደ ሕመም እና የንክኪ ስሜት ምርመራ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በወልዲያ፣ በከሚሴና በዙሪያቸው ባሉ ወረዳዎች የሚኖሩ፣ ለወራት አልፎም ለዓመታት መላ ሰውነታቸውን የሚያማቸው ሰዎች ለሕክምና ሲሄዱ ባለሙያው በጥጥ፣ በናይለን ክር ወይም በስቴኪኒ ቆዳቸውን እየነካ «ይሰማዎታል? የት ነው?» ብሎ ሲጠይቃቸው ግራ ይገባቸዋል። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ታካሚዎችና አስታማሚዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው፤ ጥቂቶቹ ግን በጤና ጣቢያ ለሚሠሩ ባለሙያዎች ይበልጥ ይጠቅማሉ።

የንክኪ ስሜት ምርመራ ምንድን ነው?

በቆዳ ላይ የሚያርፍን ቀላል ጫና፣ ሹል ነገር፣ ንዝረት፣ ቅዝቃዜ ወይም ሙቀት ሰውየው ይሰማው እንደሆነ፣ የት ቦታ እንደሚሰማውና ስሜቱም ምን ዓይነት እንደሆነ በሥርዓት የሚጠየቅበት ምርመራ ነው። ሐኪም ሆድ ሲዳብስ የሚፈልገውን ነገር የሚያገኘው በራሱ እጅ ነው፤ በዚህ ምርመራ ግን መልሱ ያለው ተመርማሪው ዘንድ ስለሆነ ያለ እሱ ትብብር የሚገኝ ውጤት የለም። ከደም ምርመራና ከራጅ የሚለየውም በዚህ ነው።

ምርመራው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1834 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ጀርመናዊው ኤርንስት ሃይንሪሽ ቬበር በሁለት ሹል ጫፎች ቆዳን በመንካት ጫፎቹ ምን ያህል ሲራራቁ ሁለት ሆነው እንደሚሰሙ ለክቷል፤ በ1896 ደግሞ ማክስ ፎን ፍራይ የፈረስ ፀጉር በእንጨት ጫፍ ላይ እያሰረ የመንካትን ስሜት መጠን የሚለካበትን መሣሪያ አስተዋወቀ። ዛሬ በየሆስፒታሉ የሚታየው የናይለን ክር፣ ማለትም ሞኖፊላመንት፣ የዚያው የፈረስ ፀጉር ተተኪ ነው። የጀርመን የነርቭ ሕመም ተመራማሪዎች ጥምረት በ2006 ያሳተመው የተሟላ ቅደም ተከተል 7 ፈተናዎችና 13 ልኬቶች አሉት፤ ሙቀትና ቅዝቃዜን በትክክል የሚለካ የኤሌክትሪክ መሣሪያም ስለሚጠይቅ በጤና ጣቢያ ደረጃ የሚሠራው አጠር ያለው፣ በአልጋ ዳር የሚካሄደው ዓይነት ነው።

እኔን የሚያመኝ ጡንቻዬና መገጣጠሚያዬ ነው። ቆዳዬን መንካት ለምን አስፈለገ?

ጥያቄው ተገቢ ነው። ከቆዳም ሆነ ከጡንቻ የሚነሣ መልእክት ወደ አንጎል የሚጓዘው በነርቭ በኩል ነው፤ ሁሉም ነርቭ ግን በአንድ ፍጥነት አይሠራም። ቀላል ንክኪን የሚያደርሱት ወፍራም ነርቮች በሰከንድ ከ35 እስከ 75 ሜትር ይጓዛሉ፤ ከሕመም መልእክት ብዙውን የሚያደርሱት ቀጫጭን ነርቮች ግን በሰከንድ ከ2 ሜትር አይበልጡም። ጥጥ የሚፈትነው አንዱን መንገድ፣ ሹል ነገርና ሙቀት የሚፈትኑት ሌላውን ስለሆነ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን በማየት የትኛው እንደተጎዳና የትኛው እንደተረፈ መገመት ይቻላል። (በነገራችን ላይ በርበሬና ሚጥሚጣ አፍን «የሚያቃጥሉት» ጎጂ ሙቀትን የሚለየውን የነርቭ ተቀባይ ስለሚያነሣሡ ነው፤ ይህን ተቀባይ እና የመንካትን ተቀባይ ያገኙት ዴቪድ ጁሊየስና አርደም ፓታፑቲያን የ2021ን የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል።)

ሁለተኛው ምክንያት ሕመሙ ራሱ የሚያድርበት ቦታ ነው። ከ3 ወር በላይ የቆየና ብዙ የአካል ክፍሎችን ያዳረሰ ሕመም ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ሕብረ ሕዋስ በግልጽ ባልተጎዳበት፣ ይልቁንም ሕመምን የሚያስተናግደው የነርቭ ሥርዓት አሠራር በተለወጠበት ሁኔታ ነው። ሌባ የገባበት ቤት ሰው ከዚያ ወዲያ ኮሽ ባለ ቁጥር ከእንቅልፉ እንደሚነሣ ሁሉ፣ የአከርካሪ ገመድና አንጎልም ቀድሞ ቸል ይሉት የነበረውን ቀላል ጫና እንደ አደጋ መቁጠር ይጀምራሉ። የዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር በ2017 ለዚህ ዓይነቱ ሕመም ራሱን የቻለ ስያሜ ሰጥቶታል። የቆዳ ምርመራ ይህን የተለወጠ አሠራር በተዘዋዋሪ ለማየት ከሚያስችሉ ጥቂት መንገዶች አንዱ ነው።

ምርመራው እንዴት ይካሄዳል?

በሥርዓቱ ሲሠራ እንዲህ ነው። ተመርማሪዋ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ወይም ተጋድመው፣ ባለሙያው በመጀመሪያ ዓይናቸው ተከፍቶ እያዩ ክሩን ጤናማ በሆነ ቦታ፣ ለምሳሌ በግንባራቸው ላይ ያሳርፈዋል። የዚህ ዓላማ «ይህ ነው የሚሰማዎት» ብሎ ማለማመድ ነው፤ ይህ እርምጃ ሲዘለል አብዛኛው ሰው የመርፌ ውጋት እየጠበቀ ሰውነቱን ስለሚያጠብቅ ውጤቱ ይበላሻል። ከዚያም «እትዬ፣ አሁን ዓይንዎን ይጨፍኑልኝ፤ ሲሰማዎት አዎ ይበሉ፤ የተነካውንም ቦታ በጣትዎ ያሳዩኝ» ይላል።

ክሩ ቀጥ ብሎ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ቆዳውን ነክቶ ጎበጥ እስኪል ድረስ ይጫናል፤ ለ1 ወይም ለ2 ሰከንድ ይቆያል፤ ሳይንሸራተት ይነሣል። ክሩ የሚጎብጥበት ጫና አስቀድሞ የታወቀ ስለሆነ የባለሙያው እጅ ቢበረታም ቢለሰልስም ቆዳው ላይ የሚያርፈው ጫና ያው ነው፤ የመሣሪያው ብልኃት ይኸው ነው። ለስኳር ሕሙማን እግር የሚያገለግለው የታወቀው ክር ለምሳሌ በ10 ግራም ጫና ይጎብጣል። ከእሱ የቀጠኑት ለእጅና ለፊት ያገለግላሉ።

ሁለት ነገሮች ብዙ ጊዜ ይዘነጋሉ። አንደኛው የንክኪው ጊዜ ወጥ መሆን እንደሌለበት ነው፤ በየሦስት ሰከንዱ የሚነካ ባለሙያ ተመርማሪው ሳይሰማው በግምት «አዎ» እንዲል ያለማምደዋል። ሁለተኛው አልፎ አልፎ ምንም ሳይነኩ መጠበቅ ነው፤ ሳይነካ «አዎ» የሚል ሰው ይዋሻል ማለት ሳይሆን በጣም ነቅቶ እየጠበቀ ነው ማለት ነው፤ ይህም በራሱ የሚመዘገብ መረጃ ነው። «አሁን ነካሁዎት አይደል?» ብሎ መጠየቅ ግን ምርመራ አይባልም።

ለባለሙያዎች አንድ ተጨማሪ ነገር፦ ናይለኑ ይደክማል። አንድን ክር በተከታታይ ከ10 ሰው በላይ ከመረመሩበት በኋላ 24 ሰዓት ማሳረፍ ይመከራል። ሹል ነገር ለመፈተን ስቴኪኒ ይበቃል፤ ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ይወጣል፣ ከዚያም ይጣላል። አንዱን መርፌ ቁልፍ ከታካሚ ታካሚ ማዘዋወር በደም የሚተላለፍ በሽታ ሊያስከትል ይችላል።

በሁለት ጫፍ መንካትስ ለምንድን ነው?

የመንካትን ጥራት ለማወቅ ነው። አንድ ሰው ንክኪው ቢሰማውም ቦታውን በትክክል ላይለይ ይችላል። በካሊፐር (ሁለት ጫፍ ባለው የርቀት መለኪያ) ሁለት ጫፍ ቆዳው ሲነካ በጣት ጫፍ ላይ ሁለትነቱ የሚታወቀው በ2 ወይም በ3 ሚሊሜትር ርቀት ነው፤ በጀርባ ላይ ግን 40 ሚሊሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ መራራቅ ያስፈልጋል። ልዩነቱ የመጣው በጣት ላይ ያሉት የነርቭ ጫፎች ስለሚበዙና አንጎልም ለጣት ሰፊ ቦታ ስለሚሰጥ ነው፤ የአንጎል ቀዶ ሐኪሞቹ ፔንፊልድና ቦልድሬይ በ1937 በቀዶ ሕክምና ላይ በነበሩ ሰዎች አንጎል ላይ ይህን ካርታ አሳይተዋል።

ረጅም ጊዜ የቆየ የወገብ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በሚያማቸው ቦታ ላይ ይህ ርቀት ሰፍቶ እንደሚገኝ ብዙ ጥናቶች አሳይተዋል፤ ከጉዳት በኋላ አንድ እጅ ወይም እግር ላይ በሚቀር ከባድ ሕመምም እንዲሁ። በመላ አካል ሕመም ግን ግኝቶቹ የተደበላለቁ ናቸው፤ በአንዳንዱ ጥናት የሰፋ፣ በአንዳንዱ ከጤናማ ሰው ያልተለየ ሆኖ ይገኛል። ከዚህም በላይ ፈተናው ራሱ ደካማ ጎን አለው፦ ሁለቱ ጫፎች እኩል ካላረፉ፣ ወይም አንዱ ከሌላው በፊት ከነካ፣ ሰውየው የሚለየው ርቀቱን ሳይሆን የእጅን ስሕተት ይሆናል። ስለዚህ በአንድ ቀን በተገኘ የሁለት ሚሊሜትር ልዩነት ላይ ተመሥርቶ ትልቅ ነገር መናገር አይገባም። በቆዳ ላይ በጣት ቁጥር ጽፎ «ስንት ጻፍኩ?» ብሎ መጠየቅ ቀላል አማራጭ ነው፤ ፊደል ላልቆጠሩ ሰዎች ደግሞ መስመሩ ወደ ላይ ነው ወይስ ወደ ጎን ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

መላ አካል የሚያማቸው ሰዎች ሲመረመሩ በአብዛኛው ምን ይገኛል?

ብዙ ሰው የሚጠብቀው «ስሜቱ ቀንሷል» የሚል ውጤት ነው። እውነታው ግን ሌላ ነው። ቀላል ንክኪን የመስማት አቅም በብዙዎቹ ዘንድ ከጤናማ ሰው ብዙም አይርቅም። በግልጽ የሚለወጠው ሕመም የሚጀምርበት ነጥብ ነው፦ ጤናማ ሰው «ጫን አለኝ» ብቻ የሚለውን የአውራ ጣት ጫና እነሱ «አመመኝ» ይላሉ፤ ይህም በሚያማቸው ቦታ ላይ ብቻ ሳይሆን በማያማቸውም ቦታ ላይ ይታያል። ተደጋጋሚ ውጋት ሲደርስባቸው ሕመሙ እየተደራረበ ይጨምራል፤ አንዳንዶቹ በለስላሳ ብሩሽ ሲነኩ እንኳ ይለበልባቸዋል ወይም ይቆጠቁጣቸዋል። ሻሽ ወይም ነጠላ ትከሻቸው ላይ ሲያርፍ የሚከብዳቸው፣ የልብስ ስፌት የሚፈትጋቸው፣ ልጅ ሲያቅፋቸው የሚሸሹ ሰዎች የሚናገሩት ይህንኑ ነው።

የኋለኛው በተለይ ትኩረት ይገባዋል። በፀጉራማ ቆዳ ላይ በሰከንድ ከ1 እስከ 10 ሴንቲሜትር በሚሆን ዝግ ያለ ፍጥነት የሚደረግን መዳበስ የሚቀበሉ ልዩ ቀጫጭን ነርቮች አሉ፤ እናት ልጇን ስትዳብስ የሚሠሩት እነሱ ናቸው። ፋይብሮማያልጂያ (መላ አካልን ከሚያዳርሱ ሥር የሰደዱ ሕመሞች ዋነኛው) ያለባቸው ሰዎች እንዲህ ያለውን መዳበስ ከሌላው ሰው ያነሰ ደስ የሚያሰኝ አድርገው እንደሚመዝኑት ያሳዩ ጥናቶች አሉ። ባልና ሚስት ወይም እናትና ልጅ ይህን ሳያውቁ ሲቀሩ አንዱ ሌላውን «ጠላኝ» ብሎ ሲያዝን ይኖራል፤ ስለዚህ ባለሙያው ለቤተሰቡ ሊያስረዳው የሚገባ ውጤት ቢኖር ከሁሉ በፊት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ምርመራው «ምንም የለብዎትም» ካለ ሕመሜ የሐሰት ነው ማለት ነው?

አይደለም። ምርመራው ሕመምን የሚለካ ወይም እውነተኛነቱን የሚመሰክር መሣሪያ አይደለም። ሰውን ለማጥመድ፣ «ይዋሻል ወይስ አይዋሽም» ለማለት፣ ወይም የሕመም ፈቃድ ለመከልከል የሚጠቀምበት ባለሙያ ካለ መሣሪያውን ላልተሠራበት ነገር እያዋለው ነው።

ባለሙያው ስሜት የሌለው ቦታ እየፈለገ ነበር። ሥጋ ደዌ ጠርጥሮኝ ይሆን?

ሊሆን ይችላል፤ ይህም ሊያስደነግጥዎት አይገባም። ወሎ ውስጥ የንክኪ ምርመራን ከማንም በላይ የሚያውቁት በሥጋ ደዌ ሕክምና ላይ የሠሩ ባለሙያዎች ናቸው። ከደሴ ወጣ ብሎ የሚገኘው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል (የታሪክ አንባቢ ቦታውን በ1878ቱ የሃይማኖት ጉባኤ ያውቀዋል) ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ሕክምና በመስጠት ረጅም ዘመን ያስቆጠረ ነው። የዚህ በሽታ ዋና ምልክት ነጣ ወይም ቀላ ባለ የቆዳ ክፍል ላይ ስሜት በእርግጥ መጥፋቱ ነው፤ በጥጥ ጫፍ ሲነካ አይሰማም፤ አንዳንዴም በክርን ወይም በጉልበት ጎን የሚያልፈው ነርቭ ወፍሮ በእጅ ይዳሰሳል።

በመላ አካል ሕመምና በሥጋ ደዌ መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው። በመጀመሪያው ስሜቱ አለ፣ እንዲያውም በዝቷል፤ በሁለተኛው ስሜቱ ጠፍቷል፣ ሰውየውም እሳት ቢያቃጥለው ወይም እሾህ ቢወጋው ላያውቅ ይችላል። ነገር ግን ሥጋ ደዌ ያለበት ሰው በነርቭ መቆጣት ምክንያት ጽኑ ሕመም ሊኖረው ስለሚችል «ሁሉ ነገሬን ያመኛል» የሚልን ሰው ቆዳውን ሳይመለከቱ በማስታገሻ መሸኘት አደገኛ ነው። በሽታው በጊዜ ከተገኘ ይድናል፤ መድኃኒቱ በነፃ ይሰጣል፤ ሕክምናው እንደ ዓይነቱ 6 ወይም 12 ወር ይወስዳል። በእኔ አስተያየት በአካባቢያችን የንክኪ ምርመራ ትልቁ ጥቅም የመላ አካል ሕመምን ማረጋገጡ ሳይሆን፣ በዚያ ስም ተሸፍኖ የሚያልፍን የነርቭ ጉዳት ማስቀረቱ ነው።

ሌላስ ምን ዓይነት በሽታ በዚህ ምርመራ ይለያል?

የስኳር በሽታ በመጀመሪያ ይጠቀሳል። ስሜቱ የሚቀንሰው ከሁለቱም እግር ጣቶች ጀምሮ ወደ ላይ፣ ካልሲ በሚደርስበት ልክ ነው፤ ከጊዜ በኋላ እጅም ይከተላል። የቫይታሚን ቢ 12 እጥረት እና የአልኮል ብዛት ተመሳሳይ መልክ አላቸው። ለቲቢ አይሶኒያዚድ የሚወስድ ሰው እግሩን ማቃጠልና መደንዘዝ ከጀመረው ቫይታሚን ቢ 6 እንደሚያስፈልገው ለሐኪሙ መናገር አለበት፤ መድኃኒቱን ግን በራሱ ማቆም የለበትም።

በደላንታና በዳውንት አካባቢ ለሚኖሩ ሰዎች ጓያ መጠቀስ አለበት። በድርቅ ዘመን ጓያን አብዝቶ ከመመገብ የሚመጣው የእግር ሽባነት እግርን ያገትራል፣ አረማመድንም ይለውጣል፤ የመንካት ስሜት ግን በአብዛኛው እንዳለ ይቀራል። እግሩ ተገትሮ ስሜቱ ያልጠፋ ሰው ሲያጋጥም የምግብ ታሪኩን መጠየቅ ብዙ ጊዜ ይቆጥባል።

አንድ ነገር ግን ሊሰወር አይገባም፦ ፋይብሮማያልጂያ ከተባሉ ሰዎች መካከል ቀላል የማይባል ቁጥር ያላቸው፣ ከቆዳቸው ናሙና ተወስዶ ሲታይ ቀጫጭን ነርቮቻቸው ሳስተው ይገኛሉ። እነዚህ ሰዎች በጥጥና በናይለን ክር ሲመረመሩ ጤናማ ሊመስሉ ይችላሉ፤ ምክንያቱም ጥጥ የሚፈትነው ወፍራሙን ነርቭ ነው። ስለዚህ ሹል ነገርና ሙቀት ያልተፈተነበት ምርመራ ግማሽ ምርመራ ነው።

የደሴ ብርድ፣ የገበሬ እጅ፣ የዋግምት ጠባሳ፦ እነዚህ ውጤቱን ይለውጣሉ?

አዎን፣ ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ይለውጣሉ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በመኪና ብዙም የማያስኬደው ይህ መንገድ በጠዋት የአንድን ሰው እጅ ሙቀት በደንብ ይለውጠዋል። የቀዘቀዘ ቆዳ ስሜቱ ይቀንሳል። በጥቅምትና በኅዳር ማለዳ ከጦሳ ተራራ ሥር እጁን እየፈተገ የመጣን ሰው ወዲያው መመርመር የተሳሳተ ውጤት ይሰጣል፤ በክፍሉ ውስጥ 15 ወይም 20 ደቂቃ ተቀምጦ እጁ ሲሞቅ መጀመር ይሻላል። የክትትል ምርመራም በተቻለ መጠን በተመሳሳይ ሰዓትና በተመሳሳይ ክፍል ቢደረግ ንጽጽሩ ይታመናል።

ሞፈር ሲጨብጥ የኖረ እጅና በባዶው የሚሄድ እግር ቆዳው ይጠነክራል፤ በዚያ ላይ ቀጭኑ ክር ባይሰማ ነርቭ ተጎድቷል ማለት አይደለም። ስለዚህ በገበሬ ወይም በቀን ሠራተኛ መዳፍ ፋንታ የእጅ ጀርባና የክንድ ውስጠኛ ክፍል ይመረጣሉ፤ በእግርም ተረከዝ ይዘለላል። ዕድሜም ራሱን የቻለ ምክንያት ስለሆነ የ70 ዓመት አዛውንትን ከ25 ዓመት ወጣት ጋር ማነጻጸር ፍርደ ገምድልነት ነው።

ለሕመም ተብሎ የተተኮሰ ቦታ ጠባሳ አለው፤ ጠባሳ ላይ ስሜት ይደነዝዛል ወይም ይዛባል። ዋግምት የተደረገበት ቦታም ለቀናት ሊቆጣ ይችላል። ወጌሻ ዘንድ ሄደው ከታሹ ብዙም ሳይቆዩ ከመጡ ደግሞ ጡንቻው ለጫና ያለው ስሜት ተለውጦ ሊገኝ ይችላል። ይህን ሁሉ ለባለሙያው መናገር አያሳፍርም። «ለምን ወጌሻ ጋር ሄድክ?» ብሎ የሚቆጣ ባለሙያ በሚቀጥለው ጊዜ እውነቱን አይሰማም፤ የሚከስረውም ምርመራው ነው።

ሴት ነኝ። ልብስ ማውለቅ ግዴታ ነው?

ግዴታ አይደለም። እጅ፣ ክንድ፣ እግርና ፊት ሲመረመሩ ብዙ ጥያቄ ይመለሳል። ጀርባና ትከሻ መታየት ካለባቸው የሚመረመረው ቦታ ብቻ እየተገለጠ፣ ሌላው በነጠላ ወይም በአንሶላ እንደተሸፈነ ይሠራል። ሴት ባለሙያ መጠየቅ፣ እናትን ወይም እህትን ይዞ መግባት መብትዎ ነው። ጓንት ማድረግ ለባለሙያው እንቅፋት አይሆንም፤ የሚነካው በክሩ ነውና።

ስሜቴን በምን ቃል ልግለጸው?

በለመዱት ቃል። ይቆረጥመኛል፣ ይጠዘጥዘኛል፣ ይነዝረኛል፣ ይለበልበኛል፣ ጉንዳን ይሄድብኛል የሚሉት ሁሉ ለባለሙያው የተለያየ መረጃ ይሰጣሉ፤ ማቃጠል፣ መንዘርና መደንዘዝ ወደ ነርቭ እንዲያስብ ያደርጉታል። «ደነዘዘኝ» ሲሉ ግን አንድ ጥያቄ ይጠብቁ፦ ቢነኩት አይሰማም ማለት ነው ወይስ ከብዶኛል፣ አልታዘዝ ብሎኛል ማለት ነው? ሁለቱ ወደተለያየ ምርመራ ይመራሉ። በከሚሴና በአካባቢው አፋን ኦሮሞ የሚናገሩ ታካሚዎች አስተርጓሚ ሲያስፈልጋቸው ቃሉን እንዳለ የሚያቀርብ ሰው ቢሆን ይመረጣል፤ ዘመድ ብዙ ጊዜ የታካሚውን መልስ ትቶ የራሱን ግምት ይናገራል።

በጾም መመርመር ይቻላል?

ይቻላል። ነገር ግን በረመዳን ከሰዓት በኋላም ሆነ በዐቢይ ጾም ረሃብና ድካም ትኩረትን ስለሚቀንሱ በጠዋት ቢሆን ይመረጣል። ሌሊቱን ሳይተኙ ካደሩም ይናገሩ፤ እንቅልፍ ማጣት በራሱ ሕመምን ያጎላል።

ምርመራው ያማል? ከዚያ በኋላስ?

ጥጥና ቀጭን ክር አያሙም። የጫና ፈተናው ግን ሕመም እስኪጀምር ድረስ ስለሚጨምር ያማል፤ የሚቆመውም «አመመኝ» በተባለ ቅጽበት እንጂ «አልቻልኩም» እስኪባል አይደለም። በማናቸውም ሰዓት ማስቆም ይችላሉ። የመላ አካል ሕመም ያለባቸው አንዳንድ ሰዎች ከረጅም ምርመራ በኋላ ለአንድ ሁለት ቀን ይበልጥ ሊያማቸው ይችላል፤ ስለዚህ ከገጠር የመጣን ሰው በአንድ ጊዜ መላ አካሉን ከመፈተን ጥቂት ቦታዎችን መርጦ መመርመሩ ርኅራኄም ጥሩ ሙያም ነው። በማግሥቱ የእርሻ ወይም የእንጀራ ጋገራ ቀን እንዳይሆን ማቀድ አይከፋም።

ፋይብሮማያልጂያ በዚህ ምርመራ ይረጋገጣል?

አይረጋገጥም። የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ በ1990 ባወጣው መስፈርት 18 የታወቁ ቦታዎች በ4 ኪሎ ገደማ ጫና ተጭነው ቢያንስ 11ዱ ማመም ነበረባቸው። በ2010 የወጣው መስፈርት ይህን ትቶ በ19 የአካል ክፍሎች ላይ ያለውን ሕመም፣ ድካምን፣ የማያሳርፍ እንቅልፍንና የማስታወስ ችግርን በመጠየቅ ላይ ተመሠረተ፤ በ2016ም ተሻሽሏል። ዛሬም ድረስ አንዳንድ ባለሙያ ነጥቦቹን ይጫናል፤ ከልማድ ካልሆነ በቀር ግዴታ አይደለም።

ውጤቱ ሕክምናዬን ይለውጣል?

ስሜት የጠፋበት ቦታ ከተገኘ ይለውጣል፤ መንስኤው ይፈለጋል፣ ወደ ከፍተኛ ሆስፒታልም ሪፈር ይጻፋል። ስሜቱ ካለና ሕመሙ ከበዛ ግን ዋናው ሕክምና ያው ነው፦ ቀስ በቀስ የሚጨምር እንቅስቃሴ፣ የእንቅልፍ እንክብካቤ፣ ስለ ሕመሙ ማወቅ፣ ለአንዳንዶች በማታ የሚወሰድ ዝቅተኛ መጠን ያለው አሚትሪፕትሊን። የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማኅበራት ጥምረት በ2017 ባሳተመው ምክረ ሐሳብ ውስጥ ጠንካራ ድጋፍ ያገኘው የአካል እንቅስቃሴ ብቻ ነው። በየሳምንቱ ዳይክሎፌናክ የተባለውን ማስታገሻ መወጋት ለዚህ ዓይነቱ ሕመም ብዙም አይረዳም፤ ለጨጓራና ለኩላሊት ግን ጎጂ ነው።

ንክኪን ለልምምድ መጠቀምም ተሞክሯል። በ2008 የታተመ አንድ የሕመም ተመራማሪው የሎሪመር ሞዝሊ ጥናት በአንድ እጅ ወይም እግር ላይ ሥር የሰደደ ሕመም የነበረባቸው ሰዎች ዝም ብለው ከተነኩ ይልቅ የተነኩበትን ቦታና የመሣሪያውን ስፋት እንዲለዩ ሲጠየቁ ሕመማቸው መቀነሱን አሳይቷል። ልምምዱ በቤት ውስጥ በጠርሙስ ቡሽና በእስክሪፕቶ ክዳን ሊሠራ ይችላል፦ ቤተሰቡ በሚያመው ቦታ ላይ ይነካል፣ ታማሚው «ቡሹ ነው፣ ከላይ በግራ» ይላል። በመላ አካል ሕመም ላይ ያለው ማስረጃ ያን ያህል የጠነከረ ባይሆንም ወጪም ጉዳትም የለውም።

ራሴን በቤት ልመርምር?

በሽታ ለመለየት አይደለም። የስኳር ሕመም ካለብዎ ወይም እግርዎ የሚደነዝዝ ከሆነ ግን በየማታው እግርዎን በዓይንዎ ማየት፣ የማይደርሱበትንም ቦታ ሌላ ሰው እንዲያይልዎ ማድረግ ተገቢ ነው። ውሃ ከመታጠብዎ በፊት ሙቀቱን ስሜቱ ባለበት ክንድ ይፈትኑ። ስሜቱ የጠፋ ነጣ ያለ ቆዳ፣ እየደከመ የሚሄድ እጅ ወይም እግር፣ ሽንት መቋጠር አለመቻል፣ ያለምክንያት ክብደት መቀነስ ወይም ትኩሳት ካለ ቀን ሳይጠብቁ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

ለባለሙያ፦ በካርዱ ላይ ምን ልጻፍ?

«ስሜት ደህና» የሚል አንድ ቃል ለሚቀጥለው ባለሙያ ምንም አይነግረውም። በምን መሣሪያ እንደተመረመረ፣ የክሩ ጫና ስንት ግራም እንደሆነ፣ በየትኞቹ ቦታዎች ከስንት ንክኪ ስንቱ እንደተሰማ፣ ሳይነካ ስንት ጊዜ «አዎ» እንደተባለ፣ ቆዳው ቀዝቃዛ ወይም ጠባሳ ያለበት መሆኑ፣ ታካሚው ስሜቱን የገለጸበት ቃል፣ የመጨረሻውን ማስታገሻ የወሰደበት ሰዓት ይጻፍ። የሰው ምስል ከፊትና ከኋላ ነድፎ፣ ሕመም ያለበትን በጭረት፣ ስሜት የጠፋበትን በነጥብ ማሳየት ከአንድ ገጽ ጽሑፍ ይበልጣል፤ ታካሚው ከወረኢሉ ወደ ደሴ ሪፈር ሲላክ ምስሉ አብሮት ይሂድ፣ ቅጂውም በጤና ጣቢያው ይቅር።